አብሽ፣ በቆልት እና ኢ. ኮላይ፦ የ2011 የጀርመን ወረርሽኝ የጉዳይ ጥናት

ሜይ 19 ቀን 2011 ከሃምቡርግ ወደ በርሊን አንድ መልእክት ደረሰ (ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሦስት ሕፃናት ኩላሊታቸው በድንገት ሥራ አቁሞ ሆስፒታል ተኝተዋል የሚል ነው። መልእክቱ የተላከው ለሮበርት ኮህ ኢንስቲትዩት ነበር። ይህ ተቋም በጀርመን የተላላፊ በሽታዎችን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ነው። ሦስት ሕፃን ለሌላ ሰው ትልቅ ቁጥር ላይመስል ይችላል። ለእነሱ ግን እንዲህ ያለ ሕመም በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰሞን ሦስት ጊዜ መታየቱ ዝም ብለው የሚያልፉት አልነበረም። በማግስቱ ቡድን ላኩ። ቡድኑ ሲደርስ ነገሩ ከተነገረው በላይ ሆኖ አገኘው። ሆስፒታሎቹ የሞሉት በአዋቂዎች ነው። አብዛኞቹ ደግሞ ጤነኛ የነበሩ፣ ሥራቸው ላይ የከረሙ ሴቶች ናቸው።

በሽታው ሲጀምር እንደማንኛውም የሆድ ሕመም ነው። ቁርጠት አለ፣ ተቅማጥ አለ። ከዚያ ተቅማጡ ደም ይቀላቅላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሻለዋል። ከአምስት አንዱ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ፊቱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይቀንሳል፣ ኩላሊቱ ይደክማል። ምክንያቱ ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ነው። መርዙ ከአንጀት ወደ ደም ይገባና ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያቆስላል። በቆሰለው ቦታ ደም ይረጋል። ቀይ የደም ሕዋሳት በጠበበው መንገድ ሲያልፉ ይሰባበራሉ። ኩላሊት በእነዚህ ጥቃቅን ሥሮች የተሞላ ስለሆነ ክፉኛ ይጎዳል። አንጎላቸው የተነካባቸው ሕሙማንም ነበሩ። የሚናገሩት ቃል ይጠፋባቸዋል፣ የት እንዳሉ ግራ ይገባቸዋል፣ አንዳንዶቹን ያንቀጠቅጣቸዋል።

ጁላይ 26 ቀን ወረርሽኙ አብቅቷል ሲባል ጀርመን ውስጥ 3,842 ሰው ታሞ ነበር። ከእነዚህ 855ቱ ኩላሊታቸው ተጎድቷል። 53 ሰው ሞቷል። ይህ የሆነው ንጹሕ ውሃና የተደራጀ ላቦራቶሪ ባለበት አገር ነው። መድኃኒት ስለተላመደ ባክቴሪያ ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ ትዝ የሚለን ሆስፒታል ነው፤ የቀዶ ጥገና ቁስል፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል። ይኼኛው ግን የመጣው በምግብ ሳህን ላይ ነው። ጉዳዩን ከሌሎች አስበልጬ የምከታተለውም ለዚህ ነው።

ኪያሩ ተወነጀለ

የመጀመሪያው ሥራ ምን በልተው ነው የታመሙት የሚለውን ማወቅ ነው። ችግሩ ባክቴሪያው ሆድ ከገባ በኋላ እስኪያሳምም ስምንት ቀን ያህል መውሰዱ ነበር። ሐኪም ፊት እስኪቀርቡ ደግሞ ሌላ ቀናት ያልፋሉ። ከአሥር ቀን በፊት ምሳ ምን በላሽ ቢባል ማን በትክክል ያስታውሳል? ሰዎቹ የመለሱት የሚታወሰውን ነው። ቲማቲም፣ ኪያር፣ ሰላጣ አሉ።

ሜይ 26 ቀን የሃምቡርግ ጤና ባለሥልጣናት ከስፔን በመጣ ኪያር ላይ አደገኛ ኢ. ኮላይ አገኘን ብለው አወጁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። ኪያር የሚገዛ ጠፋ። የስፔን ገበሬዎች በሳምንት 200 ሚሊዮን ዩሮ እየከሰርን ነው አሉ። በጁን መጀመሪያ ሩሲያ ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች አትክልት አላስገባም አለች። የኪያሩ ምርመራ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ኪያሩ ላይ የተገኘው ባክቴሪያ ሰዎቹን ካሳመመው ጋር አንድ አይደለም። ኢ. ኮላይ መሆኑ እውነት ነው፣ መርዝም ያመነጫል፣ ግን ዝርያው የተለየ ነው። ይህ የታወቀው ሜይ 31 ቀን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኋላ ለአትክልት አምራቾች ከ200 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ካሳ ከፍሏል።

እዚህ ላይ ባለሥልጣናቱን ለመውቀስ አልቸኩልም። ሰው እየሞተ ማስረጃ እስኪሟላ አፍ ዘግቶ መቀመጥ ከባድ ነው። ነገር ግን «ኢ. ኮላይ ተገኘ» ማለት ብቻውን ምንም ማለት እንዳልሆነ ያን ሳምንት በግልጽ ታይቷል። ኢ. ኮላይ በእያንዳንዳችን አንጀት ውስጥ አለ። አብዛኛው ምንም አያደርግም። የትኛው ኢ. ኮላይ ነው የሚለው ነው ዋናው።

ምግብ አብሳዩ ተጠየቀ

የኢንስቲትዩቱ ባለሙያዎች ከዚህ በኋላ አካሄዳቸውን ቀየሩ። ይህን የምርመራውን ክፍል በጣም ነው የምወደው። የሕሙማኑን ትዝታ መከተል ትተው ወደ አንድ ምግብ ቤት ሄዱ። እዚያ በቡድን ሆነው የበሉ ሰዎች ነበሩ። ከእያንዳንዱ ቡድን የታመመም ያልታመመም አለ። ባለሙያዎቹ እንግዶቹን የጠየቁት ያዘዙትን ምግብ ስም ብቻ ነው። ቀሪውን የጠየቁት አብሳዩን ነው። ይህ ምግብ ሲቀርብ ምን ምን ይገባበታል? ስንት ይደረግበታል? ጎን ላይ ምን ይቀመጣል? እንግዶች ያነሷቸውን የምግብ ፎቶዎች ሳይቀር አዩ።

በአሥር ቡድን 152 ሰው ተጠና። ከእነዚህ 31ዱ ታመዋል። 31ዱም፣ አንድ ሳይቀር፣ በቆልት ያለበት ሳህን ቀርቦላቸው ነበር። በቆልት የበላ ሰው ካልበላው ይልቅ የመታመም ዕድሉ 14 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ያ በቆልት ደግሞ ዋና ምግብ አይደለም። ሰላጣ ላይ ጣል የተደረገ፣ ለማስጌጫም ለጣዕምም የተነሰነሰ ጥሬ ቡቃያ ነው። ሰው በልቶት የበላው አይመስለውም። በሌላ ጥናት ሕሙማኑ ራሳቸው ሲጠየቁ በቆልት መብላታቸውን ያስታወሱት ከአራቱ አንዱ ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀና። በቆልቱ የመጣው በታችኛው ሳክሶኒ ቢነንቡተል አካባቢ ካለ አንድ እርሻ ነው። በየቦታው የታዩ 41 የሕሙማን ስብስቦች ሁሉም ከዚያ እርሻ በወጣ ምርት ሊያያዙ ቻሉ። ጁን 10 ቀን ባለሥልጣናቱ ኪያር፣ ቲማቲምና ሰላጣ ነፃ ናቸው፣ ጥሬ በቆልት ግን አትብሉ አሉ።

በቆልት ለምን ለባክቴሪያ እንደሚመች ማሰብ ቀላል ነው። ዘሩ ይነከራል፣ ሙቀትና እርጥበት ይሰጠዋል፣ ቀናት ይቆያል። ዘሩ ላይ ሁለትና ሦስት ባክቴሪያ ብቻ ቢኖር እንኳ ለማብቀል የተመቻቸው ሁኔታ ባክቴሪያውንም ያራባዋል። ከዚያ ሳይበስል ይበላል። እኛ አገር በቆልት ሲሠራ እሳት ይነካዋል፤ ይቀቀላል ወይም ይቆላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

የአብሹ መንገድ

ጁን ሊያልቅ ሲል ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቦርዶ አጠገብ ባለችው ቤግል፣ ሰዎች በተመሳሳይ ባክቴሪያ ታመሙ። ሕሙማኑ ጁን 8 ቀን በአንድ የሕፃናት ማዕከል ዝግጅት ላይ ተገኝተዋል። እዚያ በቆልት ምግብ ላይ ተነስንሶ ቀርቧል። በቆልቱ ግን ከጀርመን የመጣ አይደለም። ዘሩ በትንሽ እሽግ ከሱቅ ተገዝቶ እዚያው የበቀለ ነው። ስለዚህ ጀርመናዊው እርሻ የችግሩ መነሻ ሊሆን አይችልም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ከእርሻው በፊት ያለ ነገር መሆን አለበት።

የአውሮፓ ምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ባለሙያዎች የግዢ ደረሰኝ፣ የጭነት ወረቀትና የመጋዘን መዝገብ አንድ በአንድ አገላበጡ። ጁላይ 5 ቀን ያወጡት ሪፖርት ሁለቱን ወረርሽኞች ያገናኘው ነገር የአብሽ ዘር ነው አለ። ዘሩ በ2009 መጨረሻ ከግብፅ የመጣ 15 ቶን የሚመዝን ጭነት ነው። አብዛኛው በጀርመን አከፋፋይ በኩል ተሽጧል። ጥቂቱ ወደ እንግሊዝ ሄዶ በትናንሽ ፓኬት ታሽጎ ፈረንሳይ ደርሷል። አውሮፓ ኅብረት ከግብፅ የሚመጣ የአብሽ ዘርና ሌላ የሚበቅል ዘር እንዳይገባ አገደ፣ የገባውም እንዲወገድ አዘዘ። ግብፅ ውንጀላውን አልተቀበለችም። እውነቱን ለመናገር ከዘሩ ላይ ባክቴሪያው በምርመራ አልተገኘም። ማስረጃው የንግድ ሰንሰለቱ ነው። እኔ ግን ማስረጃውን ጠንካራ እለዋለሁ። ሁለት አገር፣ ሁለት የተለያዩ አብቃዮች፣ አንድ ዓይነት ብርቅ ባክቴሪያ፣ አንድ የዘር ጭነት። ይህ ሁሉ በአጋጣሚ ይገጥማል ብሎ ማመን ይከብዳል።

አብሽ ሲባል የሚደነግጥ አንባቢ እንዳይኖር፣ የወረርሽኙ ጉዳይ የአብሽ ጉዳይ አይደለም። ወጥ ውስጥ ገብቶ የተንተከተከ አብሽ፣ ተቆልቶ የተፈጨ አብሽ፣ ያ ባክቴሪያ ቢኖርበት እንኳ እሳቱ ይገድለዋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ጥሬውን ተዘፍዝፎና ተመትቶ ለሚጠጣው ነው። በተለይ ለአራስና ለሕፃን ሲሰጥ አፍልቶ መስጠት ይሻላል።

ባክቴሪያው ከማን ምን ወሰደ

ሐኪሞቹ ሕሙማን ሲያክሙ፣ በሃምቡርግ ኤፐንዶርፍ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያሉ ተመራማሪዎች የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ወደ ቻይና፣ ሼንዘን ላኩ። እዚያ ቢጂአይ የተባለው ተቋም በሦስት ቀን ውስጥ ዘረ መሉን አነበበ። ጁን 2 ቀን ውጤቱን ለማንም ክፍት አድርጎ ለቀቀው። በአንድ ቀን ውስጥ በተለያዩ አገሮች ያሉ ባለሙያዎች የተቆራረጠውን ንባብ ገጣጠሙት። በሳምንት ውስጥ ደግሞ ሁለት ደርዘን ያህል የትንተና ዘገባዎች ወጡ። በዚያን ጊዜ ይህ ያልተለመደ ነው። ሳይንቲስት ውጤቱን አምቆ ጽሑፉ እስኪታተም መጠበቅ ልማዱ ነበር።

ባክቴሪያው O104:H4 ይባላል። ይህ የዝርያ መለያው ነው። ሰውን የሚያሳምም መርዘኛ ኢ. ኮላይ አብዛኛውን ጊዜ ከከብት አንጀት ይመጣል፤ በደንብ ባልበሰለ ሥጋ ወይም ባልፈላ ወተት በኩል። ይኼኛው ግን ቤተሰቡ ሌላ ነው። ከሁሉም በላይ የሚመስለው በ1990ዎቹ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ውስጥ ተቅማጥ ከያዘው አዋቂ የተገኘን ኢ. ኮላይ ነው። ያ ዓይነት በአንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ተደራርቦ በመኖር ይታወቃል። መርዙ ግን የለውም።

መርዙን ያመጣለት ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ የመርዙን ጂን ይዞ ገብቶ ከባክቴሪያው ዲኤንኤ ጋር ተቀላቀለ። መድኃኒት የሚያከሽፈው ጂን ደግሞ በሌላ በር ነው የገባው። ፕላዝሚድ የምትባል ክብ ትንሽ ዲኤንኤ አለች። ባክቴሪያዎች ጎረቤታሞች ወንፊት እንደሚዋዋሱ እሷን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፏታል፤ ዘመድ መሆን አይጠበቅባቸውም። በ2001 ጀርመን ውስጥ የተገኘ የዚሁ ዝርያ ባክቴሪያ መርዙ ነበረው፣ ይህቺ ፕላዝሚድ ግን አልነበረችውም። የ2011ዱ ሁለቱንም ይዞ መጣ።

ፕላዝሚዷ ላይ ያለው ዋናው ጂን CTX-M-15 ይባላል። የሚያመርተው ኢንዛይም ፔኒሲሊንና ሴፋሎስፖሪን የሚባሉትን መድኃኒቶች ይሰባብራል። አሞክሳሲሊን አይሠራም። ሴፍትሪያክሶንም አይሠራም። በዚያ ላይ ባክቴሪያው ለቴትራሳይክሊን፣ ለስትሬፕቶማይሲንና ለኮትሪሞክሳዞል አይበገርም ነበር። ሲፕሮና ካርባፔነም የሚባሉት ግን ይገድሉታል። እነዚህ ስሞች ለአዲስ አበባ ፋርማሲ ደንበኛ እንግዳ አይደሉም። ሴፍትሪያክሶን የሆስፒታሎቻችን የዕለት ተዕለት መርፌ ነው። CTX-M-15ም ኢትዮጵያ ውስጥ በሕሙማን ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተገኝቷል። በዓለም ላይ በሰፊው ከተሰራጩት የዚህ ዓይነት ጂኖች አንዱ ነው።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። በሃምቡርግ ሰዎቹን የገደለው መድኃኒት መላመዱ አይደለም። የገደለው መርዙ ነው። እንዲያውም መላመዱ በአንድ በኩል ጠቀመ። ላቦራቶሪዎቹ ሴፋሎስፖሪን የተጨመረበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ ሰገራ ሲዘሩ ሌሎቹ ብዙ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ ይሄ ይበቅላል። ከብዙ ዓይነት መካከል ፈልጎ ለማውጣት አመቺ ሆነ። ታዲያ መላመዱ ምን ይነግረናል? ይህ ባክቴሪያ ወይም ፕላዝሚዷን ያዋሰው ሌላው፣ መድኃኒት በብዛት በሚወሰድበት ቦታ እንደኖረ ነው። ሰው ይሁን እንስሳ፣ አንቲባዮቲክ የጠጣ አንጀት ውስጥ ያለፈ ነው። በዘር ላይ ከማረፉ በፊት የነበረ ታሪክ ነው።

መድኃኒት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ

ሐኪሞቹን ያጨቃጨቀው ሌላ ነገር ነው። መርዙን የያዘው ቫይረስ ባክቴሪያው ውስጥ ተኝቶ ነው የሚኖረው። ባክቴሪያው በአንቲባዮቲክ ሲጨነቅ ቫይረሱ ይነቃል፣ ይባዛል፣ መርዙም አብሮ ይመረታል። አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ይህን ያደርጋሉ። ስለዚህ በመርዘኛ ኢ. ኮላይ ለታመመ ሰው አንቲባዮቲክ አለመስጠት የቆየ ምክር ነው። ሲፕሮ ባክቴሪያውን ይገድለዋል ማለት ሲፕሮ ይሰጥ ማለት አይደለም። ቤተሰብ «ለምን መድኃኒት አትሰጡትም?» ብሎ ሲጨነቅ ለማስረዳት ከባድ ነው፤ ግን ምክንያቱ ይህ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲመጣ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ክኒን ገዝቶ መዋጥ አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ነው።

ከዚያ ያልታሰበ ነገር መጣ። አንዳንድ ሕሙማን ኤኩሊዙማብ የተባለ ውድ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነበር። ይህ መድኃኒት የማጅራት ገትር አምጪ ባክቴሪያን መከላከልን ስለሚያዳክም፣ ለጥንቃቄ አዚትሮማይሲን ተጨመረላቸው። ሐኪሞቹ በኋላ ሰገራቸውን ሲመረምሩ አዚትሮማይሲን የወሰዱት ባክቴሪያውን ቶሎ እንዳስወገዱት አዩ። ከ22ቱ ከአራት ሳምንት በላይ ባክቴሪያውን ተሸክሞ የቆየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ካልወሰዱት 43 ሰዎች ከአሥር ስምንቱ ተሸክመውት ቆይተዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ በዕጣ የተመደቡም አይደሉም። ቢሆንም ሁሉም አንቲባዮቲክ አንድ አይደለም የሚለውን በደንብ አሳይቷል።

ሁለት ፊደል፣ አሥራ ዘጠኝ ፊደል

የባክቴሪያው ዘረ መል ከ5 ሚሊዮን በላይ ፊደል አለው። ሲራባ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይሳሳታል። ስሕተቶቹን ቆጥሮ ማን ከማን እንደወረደ ማወቅ ይቻላል። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት የጀርመኑንና የፈረንሳዩን ባክቴሪያ በዚህ መንገድ አወዳደረ። ከጀርመን አራት ናሙና ተወሰደ፤ በመካከላቸው የተገኘው ልዩነት ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ከፈረንሳይ 11 ናሙና ተወሰደ፤ የተገኘው ልዩነት 19 ፊደል ነው።

ይህ የተገላቢጦሽ ነው። የናሙናው ቁጥር ይለያያል፣ እሱ እውነት ነው። ግን በሺዎች የታመሙበት ጀርመን ነው። ብዙ ሰው ያዳረሰ ባክቴሪያ ብዙ ልዩነት ይኖረዋል ተብሎ ይጠበቃል። እዚህ ጥቂቱ ወረርሽኝ የበለጠ ተዘባራርቆ ተገኘ። የጀርመኖቹም ባክቴሪያዎች በዝምድና ሰንሰለቱ ላይ የተቀመጡት ከፈረንሳዮቹ መካከል ነው። ተመራማሪዎቹ ሦስት መላምት አቀረቡ። አንደኛው፣ ጀርመን የደረሰው ባክቴሪያ በጠባብ በር አልፏል፤ ብዙው ሞቶ ጥቂቱ ተርፎ ወረርሽኙን አስነሥቷል። ሁለተኛው፣ ስሕተቱ በሁለቱ ቦታ በተለያየ ፍጥነት ነው የመጣው። ሦስተኛው፣ ልዩነቱ ከመጀመሪያውም በዘሩ ላይ ወጥ ሆኖ አልተሰራጨም።

ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነኝ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ ላይ ናቸው። ጭነቱ 15 ቶን ነው። የተበከለው ሁሉም ዘር ሊሆን አይችልም። ጀርመናዊው እርሻ ጋ የደረሱት የተበከሉ ዘሮች ጥቂት ቢሆኑ፣ ከእነሱ በእርጥበቱ ውስጥ የተራባው ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ይሆናል። ፈረንሳይ የደረሰው እሽግ ደግሞ ከጭነቱ ሌላ ክፍል የመጣ፣ ሰፋ ያለ ቤተሰብ የያዘ ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን ባክቴሪያው ዘሩ ላይ ከማረፉ በፊት በቂ ጊዜ ተራብቶ ልዩነት አከማችቶ ነበር ማለት ነው። ፕላዝሚዷ የምትነግረንም ይህንኑ ነው፤ ረጅም መንገድ መጥቷል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ለበቆልት አዲስ ደንብ አወጣ። ዘር ከየት እንደመጣና ወዴት እንደተሸጠ መመዝገብ ግዴታ ሆነ። ከውጭ የሚገባ ዘር ንጽሕናው ተጠብቆ መመረቱን የሚመሰክር ወረቀት ይዞ እንዲመጣ፣ አብቃዩም ፈቃድ እንዲኖረው ተደረገ። ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ናሙና ይመረመራል፤ ከሚፈለጉት ዝርያዎች አንዱ O104 ነው። ደረቅ የአብሽ ዘር ለዓመታት ስለሚቆይ፣ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣኑ በ2011 ለሸማች የሰጠው ምክር አጭር ነበር፤ ለራስህ መብያ በቤትህ በቆልት አታብቅል፣ በቆልትም በደንብ ካልበሰለ አትብላ።